የተገለበጠው ማልያ

ከታች ሰፈር ክለብ በር ላይ ቆሞ ድንጋይ የወረወረ ሰው ሜዳው መሃል ይጥለዋል። እንዲያም ሆኖ ከላይ ሰፈር ክለብ ጋር በሚጋጠሙበት ቀን ተጫዋቾቹ በእግራቸው ሄደው አያውቁም፤ አውቶቡስ ይከራዩላቸዋል። አውቶቡሱ ከበሩ ላይ ያሳፍራቸውና ጡሩንባውን እየነፋ ገበያውን ዞሮ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ላይ ሰፈርን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ፣ መጨረሻ ላይ ከተነሱበት በር አጠገብ ያራግፋቸዋል። በእግር ቀድመው የደረሱት ደጋፊዎችም ከባሕር ማዶ እንደመጣ እንግዳ በጭብጨባ ይቀበሏቸዋል።

ላይ ሰፈሮች ይህን አይተው ለከርሞው በሁለት አውቶቡስ መጡ። ሁለተኛው ባዶውን ነበር።

መርፌ ያኔ ልጅ ነበረች። "አባዬ፣ ባዶውን ለምን አመጡት?" አለች።

"ኩራታቸው በአንዱ አልገባ ብሏቸው ነው" አላት አባቷ። ቀጥሎም "እኛ ለከርሞ ሙዚቀኛ እንጨምራለን" አለ።

መርፌ ብለው ያወጡላት ሰፈርተኞች ናቸው። አባቷ ልብስ ሰፊ ስለሆነ የሚመስላቸው አሉ፤ ምላሷ የወጋቸው ግን ምክንያቱን ያውቁታል። ሱሪ አስፉልኝ ብሎ የመጣን ወፍራም ነጋዴ "ሱሪው ምን በደለ? እራቱን ብናጠብበው አይሻልም?" ያለች ልጅ ናት። ሰውዬው ተቆጥቶ ወጣ፤ በማግስቱ ግን ሌላ ሱሪ ይዞ ተመለሰ፤ እንደ አባቷ አድርጎ የሚሰፋለት ከየት ያመጣል።

አባቷ የታች ሰፈር ክለብ ሊቀመንበር ነው። የላይ ሰፈሩ ሊቀመንበር ደግሞ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሰው አንዱን ክሩ፣ ሌላውን ዱቄቱ ይላቸዋል። በወጣትነታቸው ሁለቱም ለአንድ ቡድን ነበር የሚጫወቱት፤ ያኔ ከተማው ሁለት ክለብ አልነበረውም። አንድ ቀን በፍጻሜ ጨዋታ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ። "እኔ ልምታ"፣ "የለም እኔ ልምታ" ሲሉ ኳሷን ከሁለት ወገን አቅፈው ተጓተቱ። በመጨረሻ ክሩ ነጠቃትና መታት፤ ከአጥሩ በላይ ሰደዳት። ዱቄቱ አጠገቡ መጥቶ "ኳሷን ፈልገህ ሳታመጣ አንተና እኔ አንነጋገርም" አለው።

ኳሷ አልተገኘችም። ከተማው ግን ሁለት ክለብ አገኘ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ክለቦች ማወዳደር የሰው ሁሉ ሥራ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሌላ ወሬ የለውም። የማን ሜዳ ዳር አጥር ቀለም ተቀባ፣ የማን በረኛ ጓንት ገዛ፣ የማን ሊቀመንበር ለእንግዳ ቡድን ለስላሳ ጋበዘ። "የእኛ ሊቀመንበር ሁለት ምድጃ ያለው ሰው ነው" ይላል የላይ ሰፈሩ። "ሁለት ምድጃ ቢኖረው ምን አለ፣ ዳቦው እንደሆነ ከግብ ጠባቂያችሁ እጅ ይልቅ ይደነድናል" ይላል የታች ሰፈሩ። "እኛ በየዓመቱ አዲስ ማልያ እንለብሳለን! እናንተስ?" ብሎ ይጨምራል። ላይ ሰፈሮችም የራሳቸውን አዲስ ቀይ ማልያ ይጠራሉ፤ ቀድመው የጀመሩት ግን ታች ሰፈሮች ናቸው። ማልያው የማይካድ ነገር ነበር። የታች ሰፈር ልጆች ከላይ ሰፈር ጋር በሚጫወቱበት ቀን፣ በየዓመቱ፣ ያለማቋረጥ፣ አዲስ አረንጓዴ ማልያ ለብሰው ነው ከአውቶቡሱ የሚወርዱት።

የማልያውን ምሥጢር የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ማልያው አንድ ነው። ክለቡ በተመሠረተ ጊዜ አባቷ ከአንድ ጥቅል ጨርቅ የሰፋው፣ ያው ነው። የውድድሩ ቀን ሲቃረብ አባትና ልጅ የሱቁን መጋረጃ ይጥሉና ሥራ ይጀምራሉ። መርፌ በምላጭ ስፌቱን ትተረትራለች። አባቷ ጨርቁን ይገለብጠዋል፤ ዘንድሮ ውስጡ ወደ ውጭ፣ ለከርሞ ውጩ ወደ ውስጥ። አንገቱን ይቀይራል፤ አንድ ዓመት ክብ፣ አንድ ዓመት ባለ ኮሌታ። ብብቱ ያለቀውን ከሥር ቁራጭ ይደርብበታል። ከዚያ ጓሮ በርሜል ላይ ጨው የተጨመረበት የፈላ ቀለም ውስጥ ይነከራል። ያረጀ ጨርቅ ወደ ኋላ ስለማይመለስ ቀለሙ በየዓመቱ አንድ ደረጃ መጥቆር አለበት። መጀመሪያ እንደ ቡቃያ የነበረው አረንጓዴ እየቆየ የሣር፣ የቅጠል፣ በኋላም የጠርሙስ ቂጥ መሰለ። ደጋፊው ግን "ዘንድሮ ደግሞ ጠቆር አደረጋት! ፋሽን የገባው ሰው!" ይላል።

"ውስጡን ለቄስ" ትላለች እናቷ በርሜሉን ስታማስል።

የቤታቸው ጣሪያ ያፈሳል። ዝናብ በጣለ ቁጥር እናቷ ባልዲውን ከሚንጠባጠበው ሥር እያስጠጋች "አውቶቡሱን እዚህ አምጡልኝ፣ የእሱ ጣሪያ ደህና ነው" ትላለች።

"ኩራት እራት ነው" ይላል አባቷ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል።

"እሺ፣ እራቱን በላን። ቁርሱስ?"

መርፌ በእናቷ ትስቃለች፤ ቢሆንም በልቧ የአባቷ ወገን ነበረች። አውቶቡሱ ከድልድዩ ማዶ ሲደርስ የላይ ሰፈር ሰዎች ፊት እንዴት እንደሚሆን አይታለች። የታች ሰፈር ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚሸከም፣ የሚያጥብ፣ የሚጠግን ነው። በዚያች አንድ ቀን ግን ቀና ብሎ ይሄዳል። ያንን የሚያህል ነገር በአንድ በርሜል ቀለም ማግኘት ርካሽ ነው ትል ነበር።

አንዴ ብቻ ጠይቃዋለች። "አባዬ፣ ዱቄቱስ? የእሱ ቀዩ ማልያ በየዓመቱ አዲስ ነው እኮ።"

አባቷ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ሳቀ። "ምን አዲስ ነው! እሱም ገልብጦ ነው። የተደበቀ ሰፊ አለው። እኔን ሊያታልል? ስፌት ያስተማረኝ ይመስል!"

*

ነገሩ የመጣው ፌዴሬሽኑ የመመዝገቢያውን ክፍያ በጨመረ ጊዜ ነው። አዲሱን ክፍያ ያልከፈለ ክለብ ከሊጉ ይወጣል። እንዲሁም ተባለ፦ ከዚህ ከተማ ሁለት ክለቦች የአንዱን ፌዴሬሽኑ ይከፍልለታል፤ ሰው ልከን ሁለቱንም አወዳድረን እንወስናለን።

ለየትኛው እንደሚከፍሉ ማንም አልጠየቀም። ምን ይጠየቃል? ገንዘብ ወደ ገንዘብ እንደሚሄድ ማን ያጣዋል። የሞላ ቤት ላይ ይጨመራል እንጂ የጎደለ ቤት መቼ ተሞልቶ ያውቃል። ስለዚህ ትልቅ መምሰል ያስፈልጋል ተባለ። ፀጉር አስተካካዩም፣ አሰልጣኙም፣ ሚስማር ሻጩም እንዲሁ አሉ። መርፌም እንዲሁ አለች።

አባቷ ሳምንቱን ሙሉ አልተቀመጠም። ከሠርግ ዕቃ አከራይ ነጭ ወንበሮች መጡ፤ ክለቡ ቤት ውስጥ በሰልፍ ተደረደሩ። የጎረቤት ትምህርት ቤት ዋንጫዎቹን አዋሰ፤ ትልቁ የጠረጴዛ ቴኒስ ስለነበር ጽሑፉ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆመ። አሮጌዎቹ ኳሶች በጫማ ቀለም ተወለወሉ። ማልያዎቹ ተተኩሰው በመደርደሪያው ላይ ከነእጥፋታቸው ተቀመጡ።

እናቷ በሩ ላይ ቆማ አየችና "እዩኝ እዩኝ ያለች፣ ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች" ብላ ሄደች።

የፌዴሬሽኑ ሰው በእግሩ መጣ። ጫማው በጭቃ ርሷል፤ በሩ ላይ ለረጅም ጊዜ ጠረገው። ትሕትና ያለው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አባቷ አዲስ ኮት ለብሷል፤ ኮቱ የደንበኛ ነበር፣ ማግስቱን ይወሰዳል።

"ጨዋታ በሌለበት ጊዜ ክለቡ በምን ይተዳደራል?" አለ ሰውዬው።

"በደጋፊዎቹ። ደጋፊዎቻችን እጃቸው የተፈታ ነው።"

"ተጫዋቾቹስ? የትራንስፖርት ነገር ያስቸግራቸዋል?"

"ኧረ እኛ አውቶቡስ አለን!"

"የእናንተ ነው?"

"የእኛው ነው በሉት።"

ሰውዬው ዋንጫዎቹን አየ። ወንበሮቹን አየ። አንዷን ማልያ በጣቶቹ ነካ አድርጎ "ጥሩ ይዛችኋል" አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈና ጠየቀ፦

"እሺ። ምን ይጎድላችኋል?"

መርፌ መደርደሪያው አጠገብ ቆማ ነበር። የሰውዬውን ፊት አየች። ሊያጠምድ የሚጠይቅ ሰው ፊት አልነበረም። በእጁ የያዘውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የሚፈልግ ሰው ነበር። እስክሪብቶውን አንስቶ ይጠብቃል። ይሄ ሰው፣ አለች በልቧ፣ የጎደለበትን ነው የሚፈልገው።

"ምን ይጎድለናል?" አለ አባቷ እጆቹን ዘርግቶ። "የሚጎድለን ተጋጣሚ ነው። ላይ ሰፈሮች ትንሽ ቢጠነክሩልን ደስ ይለን ነበር።"

ሰውዬው ፈገግ አለ፤ አልጻፈም። "ምንም? ትንሽም ብትሆን?"

"አባዬ" አለች መርፌ።

"የበረኛ ጓንት እንኳ ትርፍ አለን።"

"አባዬ፣ አንድ ጊዜ..."

አባቷ ዞር አለ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ልመና ነበር። "ልጄ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ለእንግዳችን ወንበር ቀይሪላቸው። ይቺ እግሯ ይነቃነቃል።"

ወንበሯ አትነቃነቅም ነበር። መርፌ እጇ ማልያው አጠገብ ነው፤ እጅጌውን ገልበጥ ብታደርገው ሁሉም ነገር እዚያ አለ፦ ድርቡ፣ የድሮው ቀለም፣ ከላዩ ላይ የተደራረበው የስፌት ጠባሳ። አንድ ቃል መናገርም አያስፈልጋት። ነገር ግን የአባቷን እጅ አየች። ጉልበቱ ላይ ሆኖ የሰውን ኮት ጫፍ አጥብቆ ይዟል።

ከተማውን ሁሉ በምላሷ የወጋች ልጅ ሄዳ ወንበር አመጣች።

*

ውሳኔው የተነገረ ቀን አባቷ ከፌዴሬሽኑ ቢሮ ሲመለስ ሱቁ በር ላይ ቆመ፤ አልገባም።

"እንኳን ደስ አላችሁ አሉኝ" አለ። "እጄን ጨበጡኝ። እናንተ ራሳችሁን የቻላችሁ ናችሁ፤ ክፍያችሁን ራሳችሁ ትከፍላላችሁ፤ ላይ ሰፈሮች ግን ካልተደገፉ ይፈርሳሉ አሉኝ። ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ።"

"አንተስ ምን አልክ?" አለች እናቷ።

"አመሰግናለሁ አልኩ።"

እናቷ ልትሰድበው የምትችልበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር፤ እሷ ግን ተነስታ ውሃ በብርጭቆ ሰጠችው።

በማግስቱ መርፌ "እንሂድና እንንገራቸው" አለችው። "ዋሽተን ነው እንበላቸው።"

"ምን ብዬ? ውሸታም ነኝ ብዬ ልፈርም?"

"ውሸታም ሆነህ ክለብ ቢኖርህ አይሻልም?"

"አንቺ ልጅ" አለና መኪናውን ረገጠ፤ ጨርቅ አልነበረበትም። የመኪናው መርፌ ባዶውን ወጣ፣ ወረደ።

መርፌ ወደ ፌዴሬሽኑ ብቻዋን ሄደች። የፌዴሬሽኑ ሰው ተነስቶ ነው የተቀበላት። ሁሉንም ነገረችው፤ አውቶቡሱን፣ ወንበሩን፣ የጠረጴዛ ቴኒሱን ዋንጫ፣ ማልያውን። ስትናገር አላለቀሰችም፤ እንደ ወትሮዋ ቀልድ ጣል አደረገችበት እንጂ። እሱ ግን አልሳቀም።

"እህቴ" አለ፣ "ሰው ሀብቱን ሲደብቅብኝ ነው የኖርኩት። ድህነቱን የሚደብቅ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ላይ ሰፈር ተከፍሎለታል። ግን እኮ ጠይቄያችሁ ነበር። ሁለቴ ጠየቅኩ። ዝም ብዬም ጠበቅኩ።"

"አዎ፣ ጠብቀዋል" አለች መርፌ። "እኔ ነኝ ወንበር ላመጣልዎት የሄድኩት።"

*

የመጨረሻው ግጥሚያ ቀኑ ሁለት ጊዜ ተገፍቶ ክረምቱ መግቢያ ላይ ወደቀ። ታች ሰፈር ክለብ ከዚያ ጨዋታ በኋላ እንደማይኖር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለምን እንደማይኖር ግን የሚያውቅ የለም። "ሊቀመንበራችን ተጣልቶ ነው"፣ "ፌዴሬሽኑን አልለምንም ብሎ ነው" ይባላል። አባቷ የሚባለውን ሰምቶ አላስተባበለም።

ማልያዎቹን ለመጨረሻ ጊዜ ገለበጧቸው። ጨርቁ ምላጩን መቋቋም አቅቶት ስፌቱ ሲተረተር አብሮ ይሰነጠቅ ነበር። ቀለሙንም አልይዝ አለ። አባቷ ጨው ጨመረ፣ ኮምጣጤ ጨመረ፣ እንደገና አፈላው። "ጠግቧል" አለ በመጨረሻ፣ በእንጨት ከፍ አድርጎ እያየው። "ጨርቅም እንደ ሰው ይጠግባል።"

አውቶቡሱ መጣ። ሙዚቀኞቹ መጡ። ከተማውን ዞሩ፤ ድልድዩን ተሻገሩ። የታች ሰፈር ልጆች ጥቁር ሊባል ምንም ያልቀረው አረንጓዴ ማልያቸውን ለብሰው ሲወርዱ ጭብጨባው ከሌላው ዓመት ሁሉ በለጠ። ማዶ፣ በላይ ሰፈር ወገን፣ ዱቄቱ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ኳሷ ከጠፋችበት ቀን ጀምሮ የሜዳውን አጋማሽ መስመር አንዳቸው ወደ ሌላቸው ተሻግረው አያውቁም።

ከዕረፍት በኋላ ዝናቡ መጣ።

መጀመሪያ ያየችው መርፌ ናት፤ ምን እንደምትፈልግ ታውቅ ስለነበር። የበረኛው አንገት ላይ አረንጓዴ ክር የመሰለ ነገር ወረደ። ከዚያ በሌላው ክንድ፣ በሌላው ጭን። ነጩ ቁምጣቸው ተዥጎረጎረ። ካልሲያቸው አረንጓዴ ሆነ፤ የቆሙበት ኩሬ አረንጓዴ ሆነ። ኳሷን በደረቱ ያቆመው ልጅ በኳሷ ላይ የደረቱን ምልክት ተወባት። ማልያው ደግሞ እየታጠበ፣ እየገረጣ፣ የየዓመቱን ቀለም አንድ በአንድ እየለቀቀ ሄደ፤ ድርቡ፣ ጥገናው፣ የድሮው ኮሌታ የነበረበት መስመር ሁሉ በልጆቹ ገላ ላይ ተለጥፎ ታየ።

ከላይ ሰፈር በኩል አንዱ መሳቅ ጀመረና አቋረጠው። ከታምቡር መቺው በቀር ድምፅ የሚያሰማ አልነበረም፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቶ ስለነበር ገና አላየም።

መርፌ አባቷን ፈለገችው። መስመሩ ዳር ቆሟል፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዝናቡ ራሰ በራው ላይ እየወረደበት፣ ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው።

ዳኛው ጨዋታውን ሲያቆም ዱቄቱ መንቀሳቀስ ጀመረ። መስመሩን ተሻገረ። ከባድ ሰው ነው፤ ጭቃው ጫማውን ይይዘዋል። በመንገዱ ያገኘውን የታች ሰፈር ልጅ አስቆመና የማልያውን ጠርዝ ገልብጦ አየ። ውስጡን አየ፤ ውጩን አየ። ከዚያ አባቷ ፊት መጥቶ ቆመ።

"ስንት ዓመቱ ነው?" አለ።

አባቷ ባርኔጣውን በእጁ አዞረ።

"አንተን ነው የምጠይቀው። ስንት ዓመቱ ነው ይሄ ጨርቅ?"

"ያው ነው" አለ አባቷ። "የመጀመሪያው ነው። ሌላ ኖሮን አያውቅም።"

ዱቄቱ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። "እኔ እኮ እገዛ ነበር" አለ። "አንተ አዲስ ታለብሳለህ ብዬ። በየዓመቱ! ሁለተኛውን ምድጃ የሸጥኩት ለምን መሰለህ? የሚስቴን ወርቅ... አንተን ልደርስብህ ብዬ እኮ ነው!"

የአባቷ ፊት ነጣ። "ትገዛ ነበር? ከሱቅ?"

"ከየት ይመጣል ታዲያ?"

"እኔ" አለ አባቷ፣ "እኔ የአንተም የተገለበጠ ነበር የሚመስለኝ።"

መርፌ በዕድሜዋ ሁለት ሽማግሌዎች እንደዚያ ሲተያዩ አላየችም። ከሁለቱ ማን ማንን እንደዘረፈ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ጊዜ ሊፈርድ ይችል ነበር። እነሱ ግን አልተፈራረዱም። ዱቄቱ መጀመሪያ የሳቀ መሰለ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ግን አልነበረም።

"የፌዴሬሽኑ ሰው የመጣ ቀን" አለ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ፣ "እኔም እኮ ምንም አልጎደለንም ልለው ነበር። ምላሴ ላይ ደርሷል። ሚስቴ ከጓዳ ወጥታ ቀደመችኝ። ሁሉም ነገር ጎድሎናል፣ ይሄ ሰውዬ ሊያስጨርሰን ነው ብላ አለቀሰችበት። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት፤ አዋረድሽኝ ብዬ።"

መርፌ ይህን ስትሰማ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። ኩሬው አረንጓዴ ነበር። ያቺን ሴት ታውቃታለች፤ ድምጿ የማይሰማ፣ ዳቦ ስትሸጥ እንኳ ሒሳቡን በጣቷ የምታሳይ ሴት ናት።

*

ክረምቱ አለቀ። ላይ ሰፈር ብቻውን ተመዘገበ። ከታች ሰፈር ልጆች ጥሩ ጥሩዎቹ ወደዚያ ሄዱ፤ ሌሎቹ ጫማቸውን ሰቀሉ። ፀጉር አስተካካዩ ቤት ወረፋ ላይ የተቀመጡ ሰዎች አንዳንዴ ወሬ ይጀምሩና የሚያወዳድሩት ሲያጡ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ሜዳው ዳር የሚቆመው ሰው ሳስቷል። ላይ ሰፈር ሲያሸንፍ "ማንን?" ተብሎ ይጠየቃል።

አባቷ ሱቅ ውስጥ ይውላል፤ ሥራ ግን ይፈዝበታል። ማልያዎቹን መርፌ አጥባ አጥፋ ካርቶን ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ቀለሙ ሁሉ ወጥቶ እንደ ቡቃያ ወደነበረው ወደ መጀመሪያው አረንጓዴ የተመለሰ መስሏት ነበር። አልተመለሰም። የምንም ቀለም አይደለም አሁን። አባቷ ካርቶኑን ጠረጴዛው ሥር አስገብቶ እግሩን ያሳርፍበታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ዱቄቱ ነበር፤ በእጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዟል።

"ይግቡ ጋሼ" አለች መርፌ።

አልገባም። ወደ አባቷ አየ። አባቷ ከመኪናው ቀና አላለም።

"ኳሷን አላመጣሁም" አለ አባቷ።

"ኳሷን ተዋት።" ዱቄቱ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና እጁ ምን እንደሚያደርግ አጥቶ ቆመ። "ለልጆቹ ማልያ ያስፈልጋል። ከሱቅ መግዛት ሰለቸኝ። እጅጌው ላይ አረንጓዴ ጥለት እንዲገባበት እፈልጋለሁ። የእናንተም ልጆች ስላሉበት።"

"ሌላ ሰፊ ሞልቷል።"

"ሌላ ሰፊ አንድ ጨርቅ ይሄን ያህል ዘመን አያኖርም።"

መርፌ አባቷ ይቆጣል ብላ ጠበቀች። አልተቆጣም። እጁን መኪናው ላይ አኖረ። ውጭ ጋሪ አለፈ። ዱቄቱ ጎንበስ አለና፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰማ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ፦

"ሥራውን ለመጀመር ምን ይጎድልሃል?"

አባቷ ቀና አለ። አፉን ከፈተ። መርፌ ያንን አከፋፈት ታውቀዋለች፤ "ምን ይጎድለኛል" የሚለው ቃል እዚያው ከንፈሩ ላይ ተቀምጧል፤ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ተቀምጦ ነው የኖረው። ልትሰማው አልፈለገችም። ዞረችና ከጥጉ ወንበሩን አነሳች፤ ያቺ ወንበር የምር እግሯ ይነቃነቃል።

ከጀርባዋ አባቷ መኪናውን አንዴ ረግጦ ሲተወው ሰማች።

"ክር" አለ አባቷ።

መርፌ ወንበሩን እንደያዘች ቆመች።

"ክር የለኝም። ክር ካጣሁ ከረምኩ። የመኪናው ማሰሪያ ሊበጠስ ነው፤ በላስቲክ አስሬው ነው። ጨርቅ የለኝም። መቀሱ ዶልዱሟል። ዓይኔም..." አለና ቆመ። "ዓይኔም ደክሟል። መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ እሷ ናት።"

ዱቄቱ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። የሚጽፍበት ወረቀት አልያዘም።

"ሌላስ?" አለ።

አባቷ እየቆጠረ ቀጠለ፤ ጣሪያውን፣ የበሩን መቆለፊያ፣ ያልተከፈለውን የአውቶቡስ ኪራይ፣ ለበረኛው እገዛልሃለሁ ብሎ ያልገዛለትን ጓንት። አንዱን ሲጨርስ ሌላው ይመጣል። መርፌ ያች ጥያቄ በነጭ ወንበሮች መካከል የተጠየቀችበትን ቀን አሰበች፤ መልሱ ሁሉ ያኔም እዚህ ነበር።

ወንበሩን አምጥታ ለዱቄቱ አስጠጋችለት። ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ወንበሯ ተንገዳገደች፤ እግሩን ተክሎ አረጋጋት።